የፀጉር መድኃኒትና ንቅለ ተከላ፦ በጂዛን የምትሠሪውን እህት ምን አገባት?

እህቴ፣ ርዕሱን አይተሽ «ራሰ በራ የሚሆነው ወንዱ፣ እኔን ምን አገባኝ?» ብለሽ ይሆናል። ያገባሻል። ያውም በሦስት በር ነው የሚገባብሽ። አንደኛው በምትሠሪበት ቤት መታጠቢያ ክፍል የተቀመጠው ጠርሙስ ነው። ሁለተኛው ወንድምሽ ወይም እጮኛሽ «ፀጉሬን ላስተክል ነበር፣ ትንሽ ብር ጎደለኝ» ብሎ የሚልክልሽ የድምፅ መልእክት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ማታ ሻሽሽን ስትፈቺ ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው የራስሽ ፀጉር ነው።

ጂዛን ከተማም ሁኚ ሰብያ፣ አቡ አሪሽም ሁኚ ሳምታ፣ ወይም ተራራው ላይ ፈይፋና ዳየር፣ ነገሩ አንድ ነው። የፀጉር መድኃኒት ድሮ ሀብታም ብቻ የሚገዛው ነበር። አሁን ግን የመጀመሪያዎቹ አምራቾች የብቻ መብት ካበቃ ቆይቷል፤ ብዙ ፋብሪካ ያመርተዋል፣ ዋጋው ወርዷል፣ በቲክቶክና በቴሌግራምም ይሸጣል። ስለዚህ ብዙ ቤት ገብቷል። ቤት ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ በማን እጅ ነው የሚያልፈው? በአንቺ እጅ። የምታጸጂው፣ የምታጥቢው፣ ልጅ የምታቅፊው አንቺ ነሽ።

እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 የአውሮፓና የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ስለ እነዚህ መድኃኒቶች አዳዲስ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ከማስጠንቀቂያዎቹ አንዱ በቀጥታ ሕፃን የሚይዙ ሰዎችን ይመለከታል። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

መድኃኒቶቹ ምንድን ናቸው?

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሚኖክሲዲል ይባላል። መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር። የሚወስዱት ሰዎች ሰውነታቸው ላይ ፀጉር ሲያበቅሉ ታየና፣ ራስ ላይ የሚቀባ ሆኖ ተሠራ። በአሜሪካ ለወንዶች እ.ኤ.አ. በ1988፣ ለሴቶች ደግሞ በ1991 ተፈቀደ። ሰይደሊያ ውስጥ በፈሳሽ ወይም በአረፋ መልክ፣ 2 በመቶ ወይም 5 በመቶ ተብሎ ታገኚዋለሽ። ጎረምሶች ጺም ለማሳደግም ይቀቡታል።

ሁለተኛው ፊናስተራይድ ነው። ይህ የሚዋጥ ክኒን ነው። የወንድ ፀጉር በዘር የሚሳሳው ዲኤችቲ የሚባል ሆርሞን የፀጉሩን ሥር እያቀጨጨ ስለሚያሳሳው ነው። ፊናስተራይድ ሰውነት ይህን ሆርሞን እንዳያመርት ይቀንሰዋል። በ5 ሚሊ ግራም ለፕሮስቴት፣ በ1 ሚሊ ግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለወንድ ፀጉር ተፈቅዷል። ዱታስተራይድ የሚባል ጠንከር ያለ ዘመድም አለው፤ እሱ እንደ እንቁላል ልስልስ ባለ ካፕሱል ነው የሚመጣው።

ሁለቱም ይሠራሉ፣ ግን ተአምር አይሠሩም። ውጤታቸው ለመታየት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። ሚኖክሲዲል በጀመሩ ሳምንታት ጭራሽ ፀጉር ሊያረግፍ ይችላል፣ ከዚያ ነው የሚተካው። የቆመ ቀን ደግሞ ያመጡት ጥቅም ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ዓመት ሳይሞላ ወደነበረበት ይመለሳል። ማለትም አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያልቅ ወጪ አይደለም፣ እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ ነው። ይህን ነጥብ ያዢልኝ፣ ወደ ገንዘቡ ስንመጣ እንመለስበታለን።

በሥራ ቤትሽ፦ ጠርሙሱና ሕፃኑ

ስፔን ውስጥ ናቫራ በምትባለው ክልል እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ሰውነታቸው ላይ ያልተለመደ ፀጉር ያበቀሉ ሕፃናት ተገኙ። ጀርባቸው፣ ጭናቸው፣ ክንዳቸው ፀጉር በፀጉር ሆነ። ሲጣራ ከቤተሰቡ ሰው ሚኖክሲዲል ራሱ ላይ የሚቀባ አለ። ሕፃኑ ሲታቀፍ፣ ሲተኛበት፣ ቆዳው የተቀባውን ቦታ ይነካል፤ አንዳንዴም እጅና ጨርቅ ወደ አፉ ይሄዳል። የክልሉ የመድኃኒት ጉዳት ተቆጣጣሪ 11 እንደዚህ ያሉ ሕፃናትን መዘገበ። በ2024 የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ ይህ ማስጠንቀቂያ መድኃኒቱ ውስጥ በሚታሸገው ወረቀት ላይ እንዲጻፍ አደረገ። መልካሙ ዜና፣ ንክኪው ሲቆም ፀጉሩ በወራት ውስጥ ይጠፋል።

አሁን ይህን ወደ ጂዛን አምጪው። ባባ ማታ ተቀብቶ ይተኛል። ትራሱ ላይ ይቀራል። ጠዋት አንቺ አልጋ ታነጥፊያለሽ፣ ሕፃኑን እዚያው አልጋ ላይ አስተኝተሽ ልብስ ትቀይሪለታለሽ። ወይም አንቺው ራስሽ ፀጉርሽ ሳስቶ ሚኖክሲዲል ገዝተሽ ትቀቢና ሕፃኑን ትከሻሽ ላይ ታስተኚዋለሽ። ሁለት ወር ቆይቶ ልጁ ፀጉር ቢያበቅል መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ነው? «ምን ቀባሽው?» የምትባለው አንቺ ነሽ። ምክንያቱን ሳታውቂ መልስ የለሽም። ካወቅሽ ግን ለመዳምሽ ማስረዳት ትችያለሽ፣ ልጁም ሳይጎዳ ይቀራል።

ስለዚህ እነዚህን ልማድ አድርጊያቸው፦

ራሱ ላይ የተቀባ ሰው ቢያንስ ሦስት አራት ሰዓት ሕፃን በራሱ በኩል አያስጠጋ። አንቺም ብትቀቢ እንደዚሁ፤ ደግሞ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

የሚቀባውን ሰው ትራስ ጨርቅና ፎጣ ለብቻ እጠቢ፣ የሕፃን ልብስ ጋር አትቀላቅይ። ስትነኪው ጓንት አድርጊ።

ጠርሙሱን ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው። መድኃኒቱ የደም ግፊት የሚያወርድ ነው፤ ልጅ ቢጠጣው ለሕይወት ያሰጋል። ጠጥቶ ከተገኘ «ቆይ እንየው» አይባልም፣ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሆስፒታል ነው።

ቤቱ ድመት ካለው ድመቷ ተጠግታ እንዳትልሰው። ሚኖክሲዲል ድመትን በትንሹም ይገድላል።

ፈሳሹ አልኮል አለበት፣ እሳት ይይዛል። ቡኹር እየጨሰ ባለበት ቦታ አትክፈቺው፣ አታፍስሺው።

ለመዳምሽ በአረብኛ ለማስረዳት «ሀዛ ደዋ ኸጠር ዓለል ቤቢ» ማለት ይበቃል፤ ይህ መድኃኒት ለሕፃን አደገኛ ነው ማለት ነው። ስትነግሪያት ባባን የምትከሺ እንዳይመስል ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት አሳያት። ተጽፎ ሲታይ ክርክር አይነሳም።

የተሰበረው ክኒን

ፊናስተራይድ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፣ እሱም ሴትን ነው የሚነካው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት የተሰበረ ወይም የተፈጨ ፊናስተራይድ በእጇ እንዳትነካ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። በቆዳ ገብቶ፣ በሆድ ያለው ልጅ ወንድ ከሆነ፣ የብልቱን አፈጣጠር ሊያበላሽ ስለሚችል ነው። ሙሉው ክኒን ሽፋን ስላለው እንዲሁ ሲነካ አይጎዳም። ችግሩ ብዙ ወንዶች ወጪ ለመቆጠብ የ5 ሚሊ ግራሙን ክኒን በቢላ ለአራት ከፍለው መዋጣቸው ላይ ነው። የቀረው ፍርፋሪና ዱቄት ጠረጴዛው ላይ፣ መታጠቢያው ላይ ይቀራል። ማን ይጠርገዋል? የዱታስተራይድ ካፕሱልም ከፈነዳ ውስጡ ያለው ዘይት በቆዳ ይገባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የማታውቂው የክኒን ዱቄት ካየሽ በባዶ እጅሽ አትጥረጊ፤ ጓንት አድርገሽ በእርጥብ ወረቀት ጥረጊና ጣይው። ከነካሽ በሳሙናና በውኃ ታጠቢ። ልትሸበሪ አይገባም፤ አንድ ጊዜ ስለነካሽ አደጋ ደረሰ ማለት አይደለም። ግን እርግዝና ካለ ለሐኪም ንገሪ።

ለወንድምሽም የሚጠቅም ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ ፊናስተራይድ ክኒን ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያመጣ እንደሚችል አረጋገጠ። በብዙ ሰው ላይ አይታይም፤ ኤጀንሲውም ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ብሏል። ግን ክኒኑን የሚወስድ ወንድ ድብርት ከያዘው፣ የወሲብ ፍላጎቱ ከጠፋ፣ ዝም ብሎ መቀጠል የለበትም፤ አቁሞ ሐኪም ይይ። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 2025 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ደግሞ በኢንተርኔት የሚሸጠውንና ፊናስተራይድ የተቀላቀለበትን የሚቀባ ፈሳሽ በተመለከተ አስጠንቅቋል፤ ያልተፈቀደ ምርት ነውና። በቴሌግራም «ከውጭ የመጣ፣ ሁለት በአንድ» እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነት ነው።

ንቅለ ተከላውና ያንቺ ላብ

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የፀጉር ንቅለ ተከላ አዲስ ፀጉር አይፈጥርም። ከጭንቅላት ኋላና ጎን፣ ዲኤችቲ የማይጎዳውን ፀጉር ከነሥሩ እየነቀሉ ወደ ራሰ በራው ቦታ ማዛወር ነው። ቦታው ይደነዝዛል፣ ሰውየው አይተኛም፤ ሥራው ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። የተተከለው ፀጉር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረግፋል፣ በሦስት አራት ወር ይበቅላል፣ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ዓመት ሲሞላው ነው።

በማስታወቂያው ላይ የማይነገሩ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከኋላ የሚነቀለው ፀጉር ያልቃል። ከተበላሸ ተመልሶ አይሞላም።

ሁለተኛ፣ የእኛ ጠምዛዛ ፀጉር ሥሩም ከቆዳ ሥር ይጠመዘዛል። ልምድ የሌለው ሰው ሲነቅለው ሥሩን ይቆርጠዋል፣ ፀጉሩ ይባክናል። ቁስሉ አብጦ ጠባሳ የሚያበቅልበት ሰው ደግሞ ራሱ ላይም ሊያበቅልበት ይችላል። ወንድምሽ ጆሮውን ወይም ደረቱን ቆስሎ ያበጠ ጠባሳ ካለው ይህን ለሐኪም ሳይናገር ማስተከል የለበትም።

ሦስተኛ፣ በ22 እና በ23 ዓመቱ የሚያስተክል ልጅ ሌላው ፀጉሩ መሳሳቱን ይቀጥላል። መድኃኒት ካልወሰደ፣ የተተከለው ከፊት እንደ ደሴት ብቻውን ይቀራል። ማለትም ንቅለ ተከላ የወሰደም በየወሩ መድኃኒት መግዛቱ አይቀርም።

አራተኛ፣ ዓለም አቀፉ የፀጉር ንቅለ ተከላ ሐኪሞች ማኅበር ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ የቆየው ነገር አለ፤ በርካሽ ቦታዎች ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም ሳይሆን ፈቃድ የሌለው ሰው ነው። ማስታወቂያው ላይ የሐኪም ስም አለ፣ ቀዶ ክፍሉ ውስጥ ግን ሐኪሙ የለም። ኢስታንቡል ለዚህ ሥራ በዓለም የታወቀች ናት፤ ጥሩ ሐኪሞችም አሉባት፣ እንደዚህ ያሉ ቤቶችም አሉባት።

አሁን እናስላው። ወንድምሽ «ሆቴልና ሕክምና ጨምሮ 3,000 ዶላር ብቻ ነው» አለሽ እንበል። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነው። 3,000 ዶላር ማለት 11,250 ሪያል ነው። ደሞዝሽ 1,000 ሪያል ከሆነ፣ ሳንቲም ሳትበይ የ11 ወር ሥራሽ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ሳይቆጠር፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመድኃኒት ወጪ ሳይቆጠር።

እዚህ ላይ ብዙ እህቶች የሚታለሉበት ነገር አለ። መንግሥት በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ብርን ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ሪያል 15 ብር ገደማ የነበረው በእጥፍ አካባቢ ሆነ። አገር ቤት ያሉት «አሁንማ የምትልኪው ብዙ ሆኗል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ለጤፍ ወይም ለቤት ኪራይ ከሆነ ብሩ በዝቷል፤ የጤፉም ዋጋ ቢወጣ። ንቅለ ተከላው ግን በዶላር ነው የሚከፈለው። ለዶላር ዕቃ ያንቺ ሪያል አንድም አልጨመረም። ድሮም 11,250 ነበር፣ ዛሬም 11,250 ነው።

«ታድያ ወንድሜ ይዘንልኝ? ራሰ በራነቱ ሰው ፊት አሸማቀቀው» ትይኝ ይሆናል። ማፈሩ እውነተኛ ነው፣ አትሳቂበት። ሥራ ፍለጋ ላይ፣ ሽምግልና ላይ ራሱን ዝቅ ያደርገዋል። ግን በደረጃ እንዲሄድ ንገሪው። መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይይ። ወሎ አካባቢ ከሆነ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ ከሆነ አለርት በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። ላሽ ወይም ቆረቆር ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው፣ ንቅለ ተከላም አያሻውም። በዘር የመጣ ከሆነ ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን ይሞክር። ያን ሳይሞክር ቀጥታ ቀዶ ሕክምና የሚለው፣ የደላላ ምክር ነው። ሁሉም አልሆን ካለው ደግሞ ተላጭቶ መውጣትም አንድ መልስ ነው፤ ዋጋው የምላጭ ነው።

ገንዘብ ከላክሽም ለሐኪሙ የተከፈለበትን ደረሰኝ ጠይቂ። ወንድምሽን መጠራጠር አይደለም፣ ላብሽን ማክበር ነው።

ያንቺስ ፀጉር?

ብዙዎቻችሁ ስለ ወንዱ ፀጉር እየተጨነቃችሁ የራሳችሁን በሻሽ ሸፍናችሁ ነው የምትኖሩት። የሴት ፀጉር ሲረግፍ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከወንዱ ይለያል፤ ስለዚህ የባባን መድኃኒት ሰርቆ መቀባት መልስ አይሆንም።

በጂዛን አካባቢ በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው። አንዱ ትኩሳት ነው። ጂዛን ሞቃትና እርጥብ ነው፣ ትንኝ አለው፤ ወባና ዴንጊ የታወቁበት አካባቢ ነው። ከባድ ትኩሳት ያለፈባት ሴት ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ፀጉሯ በእፍኝ ይረግፋል። በየመን በኩል ተርባና ታማ የመጣችውም፣ የወለደችውም፣ ከባድ ሐዘን የደረሰባትም እንዲሁ። አስደንጋጭ ነው፣ ግን ሥሩ አልሞተም፤ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ራሱ ይመለሳል። ዘይትና ቅባት በመቶ ሪያል መግዛት አያስፈልግም።

ሁለተኛው የደም ማነስ ነው። የወር አበባዋ የሚበዛባት፣ የተረፈ ሩዝ ብቻ የምትበላ ሴት የብረት እጥረት ይይዛታል። ድካም፣ ማዞር፣ ልብ መምታት ከፀጉሩ ጋር ከመጣ የደም ምርመራ ያስፈልጋታል። የእንቅርት ዕጢ ችግርም እንዲሁ በደም ይታያል።

ሦስተኛው አጥብቆ መሠራት ነው። ጠባብ ሹሩባ፣ ላዩ ላይ ጥብቅ ሻሽ፣ ቀኑን ሙሉ ላብ። ግንባርና ጆሮ አካባቢ የሚሸሸው ፀጉር ከዚህ ነው። ቶሎ ከተላላ ይመለሳል፤ ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ይሞታል። አላልተሽ ሥሪው፣ እርጥብ ፀጉር ላይ አትሸፍኚ፣ በሌሊት ፍቺው።

ሚኖክሲዲል ለሴትም የተፈቀደ ነው፣ ግን ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ አይሆንም፤ ፊት ላይም ፀጉር ሊያበቅል ይችላል። ፊናስተራይድ ግን ልጅ ልትወልድ የምትችል ሴት የምትወስደው አይደለም።

የት ልሂድ?

የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ለጤናሽ አደገኛ የሆነ ሥራ እንዳያሠራሽ ይከለክላል፣ የሐኪም ወረቀት ካለሽ ደግሞ በዓመት እስከ 30 ቀን የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያለው አሠሪ የጤና መድን እንዲገባ ተገድዷል። ብዙዎቻችሁ ለብቻችሁ ነው የምትሠሩት፤ ስለዚህ ይህ የመድን ግዴታ አይነካችሁም። ክፍተቱ እዚህ ነው ያለው። ለባባ የፀጉር ማስዋቢያ በወር የሚወጣው ገንዘብ ለአንቺ የደም ምርመራ ይበቃ ነበር።

«አብጋ አሩህ ሙስተሽፋ፣ ሸዕሪ የተሳቀጥ ወ አና ተዕባና» በይ፤ ሆስፒታል መሄድ እፈልጋለሁ፣ ፀጉሬ ይረግፋል፣ ደክሞኛል ማለት ነው። ስለ ፀጉሩ ብቻ ካወራሽ «ቁንጅና ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ድካሙንና ማዞሩን ጨምሪ፣ እውነትሽን ነውና። የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ 937 ነው። አጠራጣሪ መድኃኒት ወይም መዋቢያ ከገዛሽ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ስልክ 19999 ነው።

ኢቃማ የሌለሽ እህት ሆስፒታል መሄድ እንደምትፈሪ እናውቃለን፤ በድንበሩ ከተሞች ፍርሃቱ የበለጠ ነው። ቢያንስ በጥቁር ገበያ በመልእክት የሚሸጥልሽን ጠርሙስ አትመኚ። ሰይደሊያ ገብቶ ባለሙያውን መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም፣ የደም ማነስ ምልክትሽን ንገሪው።

ይህን ጽሑፍ ሕፃን ለምትይዝ ጓደኛሽ ላኪላት። ወንድምሽ ገንዘብ ሲጠይቅሽም ከመመለስሽ በፊት 11,250 የሚለውን ቁጥር አስታውሺ፣ ከዚያ ወስኚ። ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ ውሳኔውም ያንቺ።